ከሰበኩት ይልቅ የጠየቁት፦ ሳይንስን ወደ ሕዝብ የወሰዱ ዘመቻዎች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1970 በኢትዮጵያ የተመዘገበው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁጥር 722 ነበር። በዓመቱ 26,329 ደረሰ፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። አገሪቱን ድንገተኛ ወረርሽኝ አልመታትም። በሽታው ድሮም በየጎጡ ነበር፤ የተለወጠው ፍለጋው ነው። በጥር 1963 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ፕሮግራም በጥቂት ደርዘን ሠራተኞች የሚንቀሳቀስ ነበር። ሠራተኞቹ ፊቱና እጁ በፈንጣጣ የፈነዳ ሕፃን የሚታይበትን ካርድ ይዘው ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ እየሄዱ «እንዲህ የሆነ ሰው አይታችኋል? የት?» ብለው ጠየቁ። ሐኪም ቤት ያልደረሰውን ወሬ ተማሪውና ገበያተኛው ያውቀው ነበር። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በአገራችን ሳይንስን ለወጣቶችና ለማኅበረሰብ እናዳርስ ብለው በበጎ ፈቃድ ለሚነሱ ሁሉ ያልተነገረ ትምህርት ይዟል። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ዕውቀት ተሸክሞ ወደ ሕዝብ የዘመተ ወጣት እጅግ ብዙ ነው። ውጤቱን ስንመረምር ግን ፍሬው ጸንቶ የተገኘው ሕዝቡን አድማጭ ባደረጉት ዘንድ አይደለም፤ እንዲያይ፣ እንዲለይ፣ እንዲሞክርና ያየውን እንዲናገር ባደረጉት ዘንድ ነው።

የዘመናዊው ታሪክ መነሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደነገገ። አብዛኛው በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና ቋንቋ ሲያስተምር ከረመ። የሳይንስ መምህር በእጅጉ ይቸግር በነበረበት፣ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች በነበሩበት ዘመን ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በርካታ የጠቅላይ ግዛት ልጆች የአገራቸውን ሰው የሳይንስ መምህር ሆኖ ያዩት በዚህ አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ነበር። መጽሐፉም ምሳሌውም ፈተናውም ከመሐል አገር ይመጣል፤ መምህሩ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያለው ገበሬ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው እምብዛም አልነበረም። አገልግሎቱ ይበልጥ የለወጠው አገልጋዩን ነው። የገጠሩን ኑሮ በዐይኑ ያየው ተማሪ ስለ መሬትና ስለ ድህነት የሚያነሳው ጥያቄ ስለታም ሆነ፤ የኋለኛው የተማሪዎች ንቅናቄ ከዚህ ልምድ ብዙ ቀድቷል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ከሳይንስ ስርጸት ይልቅ የአገር ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ የመጣው በመጠን ከቀደመው ጋር አይወዳደርም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሰማሩ። ዕቅዱ ሰፊ ነበር፦ ፊደል ማስቆጠር፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ወባ ማስተማር፣ የተሻለ እርሻ ማሳየት፣ ምንጭ ማጎልበት፣ ትምህርት ቤትና መጸዳጃ ቤት መሥራት። ስሙ ዘመቻ፣ ዜማውም የፈቃደኝነት ይሁን እንጂ የማይዘምት ተማሪ የትምህርትና የሥራ በር ይዘጋበት ስለነበር በጎ ፈቃዱ የይስሙላ ነው። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላው የካቲት 25 የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀና የዘማቹ ሥራ ተለወጠ፤ ገበሬ ማኅበር ማደራጀት፣ መሬት ማከፋፈል፣ ከባለ ርስት ጋር መፋጠጥ ዋና ተግባሩ ሆነ። የጤናና የእርሻ ትምህርቱ ወደ ጓዳ ገባ። ብዙ ጣቢያዎች በግጭት ታወኩ፤ ከዘማቹ ብዙው ጊዜው ሳይደርስ ጥሎ ተመለሰ፣ የሞተም አለ። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ ከሁሉ ይልቅ የቆየው የዘመቻው ቅርስ ትምህርት ሳይሆን ድርጅት ነው። ገበሬ ማኅበሩ ከዘማቹ በኋላ የቆመው የሚመራው የአካባቢው ሰው ስለነበር ነው። የንጽሕናው ትምህርት ግን ባለቤት አልነበረውም፤ ተናጋሪው ሲሄድ አብሮት ሄደ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚህ የተማረው ብዙ ነገር አለ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በየዙሩ የተካሄደው ይህ ዘመቻ በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ላይ ተመሥርቶ ከአስተማሪው ብዙውን ከዚያው ከአካባቢው መለመለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ። ፊደል ለቆጠረው ደግሞ ድኅረ መሠረተ ትምህርት ተዘጋጀለት፤ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት አያያዝ የሚናገሩ ቀላል መጻሕፍት ታተሙ፣ በየገጠሩም የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። በኢትዮጵያ ታሪክ ሳይንስን ለተራው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው በጽሑፍ ለማድረስ ይህን ያህል የተደከመበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም። መንግሥት በ1970ዎቹ ማብቂያ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ ደርሷል ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 23 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል በጥንቃቄ መታየት አለበት። አንደኛው የዘመቻ ሪፖርት፣ ሌላው ቆጠራ ነው፤ መለኪያቸውም አንድ አይደለም። በመካከሉም ጦርነት፣ የ1977ቱ ረሃብ፣ ሰፈራና መንደር ምሥረታ አልፈዋል። ስለዚህ ዘመቻው ከንቱ ነበር የሚል ፍርድ ትክክል አይሆንም፤ በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠሩ እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለመስደድ የነበራቸው ጉጉት ብቻውን ዋጋ አለው። ነገር ግን ፊደል ለይቶ የረሳው ሰው ለምን ረሳ ብለን ከጠየቅን መልሱ ከጦርነቱ ውጭም ይገኛል። የንባብ ቤቱ መጽሐፍ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተላላፊ በሽታ ይነግረዋል፤ እሱ በማሳው ያየውን ጽፎ የሚልክበት፣ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ግን አልተሠራም። ንባቡ ለአንባቢው የዕለት ሥራ መሣሪያ አልሆነም። ጽሑፍ የሚመጣለት እንጂ የሚጽፍለት ያላገኘ ሰው ፊደሉን ለመያዝ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ወደ ፈንጣጣው እንመለስ፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በዚያው የመንገድ ችግር ውስጥ የተሠራ ሥራ ነውና ለንጽጽር ይመቻል። በኢትዮጵያ በብዛት የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለው ስለነበር ሕዝቡ እንደ ሕንድና እንደ ባንግላዴሽ አልፈራውም። ከዚያም በላይ ከሕመምተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የመከተብ አገርኛ ልማድ በየቦታው ነበር፤ የመንግሥት ክትባት ይዞ የሚመጣ እንግዳ «እኛ የራሳችን አለን» ይባል ነበር። መላውን ሕዝብ ሰብስቦ ስለ በሽታው አስተምሮ መከተብ በዚህ ሁኔታ የማይሆን ነገር ነው። የተመረጠው መንገድ ሕመምተኛውን ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነው፤ ሕመምተኛውን የሚያገኘው ደግሞ የመንደሩ ሰው ነው። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞችና የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ እየዞሩ ካርዱን አሳዩ። ተማሪ ካርዱን አይቶ ኩፍኝን ወይም ሌላ ሽፍታን ከፈንጣጣ ይለያል፤ ያየበትን ቤትና ጊዜ ይናገራል፤ አሳሹ ሄዶ ያረጋግጣል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከ26 ሺህ በላይ የነበረው ቁጥር በ1973 ወደ 5,414 ወረደ፤ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ኤልከሬ ዲሞ በተባለች መንደር የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ተገኘ። በሌላው ዓለምም ፍለጋው ቀጥሎ በ1980 እ.ኤ.አ. ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ተባለ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ በሽተኛ መጠቆም ሳይንስ መማር ነው ወይ? ስለ ቫይረስ ያልሰማ፣ ክትባት እንዴት እንደሚሠራ ያልተነገረው ልጅ ምን ተማረ? ተቃውሞው ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይንስን ከውጤቱ ጋር ያምታታዋል። ቫይረስ የሚለው ቃል የሌሎች ሰዎች ምርመራ ያስገኘው ውጤት ነው፤ ቃሉን በቃሉ የያዘ ልጅ ምርመራውን አልተማረም። ካርዱን ይዞ ሽፍታው መዳፍ ላይ አለ ወይስ የለም፣ ፊት ላይ ይበዛል ወይስ ገላ ላይ ብሎ የሚለይ ልጅ ግን ሳይንስ የሚጀምርበትን ሥራ ሠርቷል፦ በምልክት መለየት፣ ከመሰሉ ማነጻጸር፣ በሌላ ሰው መረጋገጥ። የጎደለው ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ ያየው ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ መልሶ የሚነግረው ሰው አልተገኘም። ፕሮግራሙ በሽታውን ለማጥፋት እንጂ ለማስተማር ስላልተቋቋመ በዚህ አይወቀስም፤ የዛሬው በጎ ፈቃደኛ ግን ይህን ክፍተት ሊሞላው ይችላል።

ሌላው ማስረጃ ከዐድዋ የመጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዚያ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ነው። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ከላይ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ ጠብ እንድታደርግባቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ። በኋላ በዐድዋ ለአምስት ዓመት በእንዶድ በተደረገው ሙከራ በሽታው በሕፃናት ላይ ከነበረበት 50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዘገበ፤ አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የአንድ ሊቅ ግኝት ተደርጎ ይነገራል፤ ነውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ሙከራ የተሠራው ከወንዝ ዳር፣ እንዶድን በሚያውቅ እጅ ነው። ተመራማሪው ወደ ሕዝብ የሄዱት ሊያስተምሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹን ሰብስበው በዚያ ውኃ አትታጠቡ ብለው ይመለሱ ነበር። ሕዝቡ የያዘውን ዕውቀት እንደ ማስረጃ ስለተቀበሉት ሌላ ነገር ይዘው ተመለሱ። ሥራውን በሰፊው እንዳይዳረስ ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የጠየቁት ረጅም የመርዛማነት ምርመራ እንጂ የገበሬው እምቢታ አልነበረም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጊኒ ዎርም ማጥፊያ ፕሮግራም ይህን ትምህርት ወደ ሥርዓት ለወጠው። በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ በዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይይዝ የነበረው ይህ በሽታ ክትባትም መድኃኒትም የለውም፤ ዋናው መከላከያ የሚጠጣውን ውኃ በጨርቅ ማጥለል፣ ትሉ የወጣበት ሰው ወደ ውኃ እንዳይገባ ማድረግና የታመመውን ቶሎ ማግኘት ነው። ይህን የሚሠራ ሐኪም በየመንደሩ ማስቀመጥ ስለማይቻል ከመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተመረጡ፤ የጠቆመ ይሸለማል ተባለ። የሕመምተኛው ቁጥር በዓመት በጣት ወደሚቆጠር ወረደ፤ ጨርሶ ሕመምተኛ ያልተገኘባቸው ዓመታትም ታይተዋል። በሽታው በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መገኘቱ ሥራውን አራዝሞታል። ይህን መሰሉን ነገር ለመከታተል ግን በአካባቢው ሁልጊዜ ዐይኑ ክፍት የሆነ ሰው ከመኖር የተሻለ መንገድ የለም፤ ከከተማ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ ቡድን ሊሠራው አይችልም።

አሁን ደግሞ ከጤና ርቀን ወደ ሰማይ እንይ፤ ክርክሩ በበሽታ ላይ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ጥቂት ነበርና። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በ47 ሰዎች ሲመሠረት መሥራቾቹ እብዶች ተብለው ነበር፤ አገሪቱ በረሃብ ስሟ የሚነሳ፣ የምግብ ዋስትና ያላረጋገጠች ሆና ሳለ ስለ ከዋክብት ማውራት ቅንጦት ተደርጎ ታየ። ማኅበሩ መንግሥታዊ ትእዛዝም ሰፊ በጀትም አልነበረውም። በዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፍ፣ በትምህርት ቤቶች ክበብ አቋቋመ፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የምርምር ማዕከል እውን እንዲሆን ደከመ። ማዕከሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ መቆጣጠሪያዋ እዚያው እንጦጦ ላይ ነበር። በዚያው ወር የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ፣ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለችው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተብለው በዓለም መዝገብ ገቡ። ስም ማውጣት ምርምር አይደለም፤ ግን ስሙን ያወጣው ወጣት ፕላኔት ሌላ ኮከብ እንደምትዞር ማወቅ ግድ ይለዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍም አገር በሙሉ አንገቱን አቅንቶ የሚያየው ነገር ነበረው።

የጠራ ሰማይ ላለው አገር ሥነ ፈለክ ከሁሉ ርካሹ ቤተ ሙከራ ነው። ባሕረ ሐሳብን ለዘመናት ሲያሰላ የኖረ ትምህርት ባለበት አገር ደግሞ ጨረቃና ፀሐይን መቁጠር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ቀጣይነት ነው። ያም ሆኖ ሶሳይቲውን ያለ ትችት ማለፍ ለክርክሬ አይጠቅምም። የክበቦቹ ጥንካሬ በአንድ መምህር ትጋት ላይ ይንጠለጠላል፤ መምህሩ ሲዛወር ክበቡ ይቀዘቅዛል። አብዛኛው ዝግጅት ዛሬም ንግግርና ጉብኝት ነው፤ ተማሪው ቴሌስኮፑን አንዴ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሆኖም ያለ ትእዛዝ የተነሳ ማኅበር ከሁለት አሥርት በላይ መቆየቱ፣ 60 ሺህ ሰው ያዘመተው ሥራ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው መበተኑ ለፈቃደኝነት ትርጉም ይሰጣል። ፈቃዱ የእውነት የሆነለት ሰው ከሥራው ጋር ይቆያል።

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ ይቀራል፤ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው። ሰፊ ሕዝብ የሚነካ ሥራ ያለ መንግሥት አይሆንም፤ ፈንጣጣም ጊኒ ዎርምም የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ገንዘብና ተሽከርካሪ ነበራቸው፤ በጎ ፈቃድ ብቻውን ጥቂት ክበብ ነው የሚያቋቁመው ይባላል። እውነት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም መንግሥት ይቅር የሚል አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻና የፈንጣጣ ፕሮግራም ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ሁለቱም ደሃና በጦርነት የተናወጠ አገር ውስጥ ሠርተዋል። ልዩነታቸው ከመንደር የሚጠብቁት ነገር ነው። አንዱ ከመንደር የሚጠብቀው የተመዝጋቢና የተመራቂ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩን የሚያረጋግጥ ሌላ ዐይን ስላልነበረ ሪፖርቱ ከእውነቱ ራቀ። ሌላው የሚጠብቀው መረጃ ነበር፤ መረጃው ሐሰት ከሆነ ሄዶ የሚያይ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰው ቃል ክብደት አገኘ። ሰው ቃሉ ክብደት እንዳለው ሲያውቅ ጠንቅቆ ያያል። ወጣትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዛሬ በበጎ ፈቃድ የሳይንስ ክበብ የሚመሩ፣ በክረምት ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ሄደው ልጆች የሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት ሲመጡ ለትምህርት ቤት መሣሪያ የሚያመጡ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ዕቅዳቸውን በአንድ ጥያቄ ቢፈትኑት ይበጃል፦ እነዚህ ልጆች እኛ የማናውቀውን ምን ይነግሩናል? የዝናብ መጠን በጣሳ ለክቶ በየሳምንቱ መመዝገብ፣ በምንጩ ዙሪያ የሚገኘውን ቀንድ አውጣ መቁጠር፣ የወባ ትንኝ የሚራባበትን ኩሬ በካርታ ላይ ማስፈር፣ ጨረቃ የምትታይበትን ምሽት መጻፍ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት መዝገቡን ተቀብሎ የሚያነብና መልስ የሚጽፍ ሰው ነው። መልስ የማትጽፉ ከሆነ መዝገቡን አታስጀምሩ። የምትጽፉ ከሆነ ግን ከምታመጡት መሣሪያና ከምትሰጡት ንግግር ይልቅ ይህ ይቆያል።